ከፈረቃ የተረፈ ጽሑፍ

ቄራ በሌሊት የሚሠራ ሰፈር ነው። የአዲስ አበባ ቄራ በ1949 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው) ሰፈሩ ስሙንም እንጀራውንም ያገኘው ከእርዱ ነው። ከብቱ ሌሊት ይታረዳል፤ ሥጋው ጎሕ ሳይቀድ ተጭኖ ወደየሉካንዳ ቤቱ ይበተናል። ሲነጋ ሌላው ሥራ ይጀመራል። የኪራይ ውል የሚያስጽፍ፣ ማመልከቻ የሚያስገባ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ የሚያባዛ ሰው የጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ይቆማል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚሁ ቁጭ ብዬ የሰው ጽሑፍ ስተይብ ኖሬያለሁ። ከሰው ጽሑፍ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ የራሴን ማስታወሻ እጽፋለሁ፤ ማን ሱቁን ዘጋ፣ በሬ ስንት ገባ፣ ማን ልጁን ዳረ፣ የቱ ቤት ፈረሰ።

ከማውቃቸው የሙያ እህቶቼ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ የግል ጽሑፍ ነበራቸው። ስለ አማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲወራ የፈጣሪዎቹ ስም ይነሳል፤ መነሳትም ይገባዋል። መኪናው ላይ ተቀምጠው የራሳቸውን ዘመን ለማስፈር የሞከሩት ሰዎች ነገር ግን ብዙም ሲወራ አልሰማሁም። ስለዚህ ታሪኩን ከዚህ ወንበር ሆኜ ልተርከው።

ከመኪናው በፊት ራፖር ጸሐፊ ነበር። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ የባለጉዳዩን አቤቱታ ጆሮውን ሰጥቶ አዳምጦ፣ በሕግ ቋንቋ አሳምሮ የሚያሰፍር ሰው። በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሠሩ። የገጠማቸውን ፈተና ለመረዳት የፊደል ገበታን ማየት ይበቃል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ አላቸው፤ 231 ማለት ነው። ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ወደ 300 ይጠጋል። የጽሕፈት መኪና ግን የላዩም የታቹም ቢደመር የሚይዘው ከ100 በታች ምልክት ነው። መፍትሔው ፊደሉን ከፋፍሎ መገጣጠም ሆነ። ጸሐፊዋ ለን ትመታለች፤ ጭረቱን ከወገቡ ስትጨምርበት ሉ ይሆናል፤ ጭረቱ እግሩ ላይ ሲያርፍ ሊ። አንዱን ፊደል ለማግኘት ሁለት ጊዜ መምታት ግድ ነበር፤ ጭረቱም አንዳንዴ ከፊደሉ ፈንጠር ብሎ ያርፋል። በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ከሩቅ የሚለየው በዚህ ነው። ኋላ ኦሊቬቲን የመሰሉ ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና ሠርተው ሲያመጡም ጸሐፊዎቹ በዚሁ ስልት ቀጠሉ።

መኪናው ፊደሉን አልችል ሲል ፊደሉ ይቀነስ የሚል ሐሳብ መጣ። በ1940 የታተመው «ፊደልን ማሻሻል» የዚያ ክርክር አንዱ ምስክር ነው፤ ክርክሩ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተነስቷል። እንኳንም ሳይሳካ ቀረ እላለሁ። የታይፕ መኪናው ዛሬ አቧራ ለብሶ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ፊደሉ ሙሉውን እንዳለ በየልጁ ስልክ ላይ አለ።

በ1935 የተከፈተው የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ለባንኮች ጸሐፊዎችን እያሠለጠነ አወጣ። እኔን ሙያውን ያስተማሩኝ እትዬ እዚያ የተማሩ ነበሩ። ቁልፍ ሳያዩ መምታትን፣ ካርቦን ሳይሸበሸብ መግጠምን፣ ስቴንስል ሳይቀደድ መጻፍን ከእሳቸው ተማርኩ። ለራስ መጻፍን ያስለመዱኝም እሳቸው ናቸው። መኪናውም ሪባኑም የመሥሪያ ቤት ስለነበር ከሥራ ሰዓት በኋላ ያረጀ ሪባን መልሰው ጠቅልለው፣ እስኪደበዝዝ ድረስ የራሳቸውን ነገር ይጽፉበት ነበር። ጽሑፉ ሊነበብ የሚችለው ወረቀቱ ወደ መስኮት ተይዞ ነው። ቢሆንም ዛሬም ይነበባል።

ይህን የወረቀት ጽናት ከታላላቆቹም አይተናል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው አለፉ፤ ጽሑፉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1999፣ እሳቸው ከሞቱ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ወረቀቱ ጠበቀ። ገጣሚው መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው፣ ቃል በቃል ወደ ወረቀት ገልብጠው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በ1959 አሳተሙት። በዚያ ዘመን ቴፕ አዲስ መሣሪያ ነበር፤ ድምፅ ተቀድቷል ብለው አልተኙም። ይህን ሁልጊዜ አስባለሁ፤ በሥራ ተወጥሮ የሚኖር ሰው የመጨረሻውን ግማሽ፣ ማለትም ግልበጣውን፣ ለነገ ማለት ይቀናዋል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ግልበጣው ያለቀ መስሎን ነበር። ውጭ አገር ያሉ ባለሙያዎች፣ እነ ኢንጂነር ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፊደላችንን ኮምፒዩተር ላይ ለማውጣት የደከሙት አገር ቤት ኮምፒዩተር ብርቅ በነበረበት ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ብራና እያልን እንጽፍ ጀመር። የታይፕ ሰዎች ለጣታችን አዲስ ትምህርት መጣብን። በመኪናው የለመድነውን የቁልፍ አቀማመጥ ትተን በእንግሊዝኛው ቁልፍ ላይ ድምፅ እየፈለግን መምታት ነበረብን። ለመድነው። ፊደሉ እጅና እግሩ ተሟልቶ፣ ሉም ሊም አንድ ወጥ ሆነው ሲወጡ ያየን ጊዜ ደስታችን ልክ አልነበረውም።

ችግሩ ያለው ከስክሪኑ ጀርባ ነው፤ ይህን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ጽሑፉን ያጣው በዚህ ነውና። ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ፎንቱ ነው። የዚያን ጊዜ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የማይነካ አለው። ስለዚህ አንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በሁለት ፎንት ሲከፍለው፣ ሌላው በሦስት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ታይፑ ጭረቱን ለብቻ አደረገው። ሁሉም በየራሱ ቁጥር። በአንዱ የተጻፈ ውል በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የገንዘብ ምልክት የተቀላቀለበት የማይነበብ ነገር ይወጣል። መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ፋይል ሲላላክ ፎንቱን አብሮ በዲስኬት ይልክ ነበር። ደንበኛም ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «በምንድን ነው የተጻፈው?» ብለን ነው።

ከ1993 እስከ 1998 የጻፍኩት የግል ማስታወሻ በአንድ እንዲህ ባለ ሶፍትዌር ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ አዲስ ተገዛ፤ ሶፍትዌሩ አዲሱ ላይ አልጫንም አለ፤ አሮጌው ደግሞ ከእነ ሃርድ ዲስኩ ሞተ። ዲስኬቶቹ ሻጋታ በልቷቸዋል። የተረፈኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ሲቀዘቅዝ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ያተምኩት ነው። አንዱን አሁን ፊቴ አስቀምጬዋለሁ። በአንደኛው ገጽ «አከራይና ተከራይ» ብሎ የተጀመረ፣ የብሩ ልክ ተሳስቶ የተጣለ የኪራይ ውል አለ። በጀርባው የ1995 ክረምት፤ የዶሮ ዋጋ፣ የቂርቆስ ንግሥ፣ የቆዳ ነጋዴው ጎረቤታችን ታሞ መተኛት። ቀለሙ ወደ ቡናማ ዞሯል፤ አንድም ፊደል ግን አልጎደለም።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ነው። ቄራ ድረስ ሲመጣ ዓመታት ፈጅቷል፤ ሲመጣም በስልክ መስመር እየጮኸ ነበር። አማርኛ በኢሜይል ለመላክ ብዙው ሰው በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ወይም ጽሑፉን እንደ ፎቶ አድርጎ ይልካል። በስልክ አጭር መልእክት ላይም ፊደላችን ዋጋ ያስከፍላል፤ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የአጭር መልእክት አገልግሎቱም ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተቋርጦ በ2000 መጀመሪያ ነው የተመለሰው።

መፍትሔው የመጣው በጸጥታ ነው። ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች በደከሙበት ሥራ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ይህ በ1992 አዲስ ዓመት ሰሞን በወጣው 3.0 በተባለው እትም ነው። 345 ምልክት፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር፣ በዓለም ላይ ካለ ከማንኛውም ፊደል ጋር የማይጋጭ። ከእንግዲህ ሀ የትም ቢሄድ ሀ ነው። ለእኔ ከአያና ብሩ መኪና ወዲህ ለአማርኛ ጽሕፈት የተሠራ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ቢነገር ደስ ይለኛል። እኛ ዘንድ ለመድረስ ግን ጊዜ ወሰደ። በ1999 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ፤ የእኛ ኮምፒዩተሮች ግን ገና በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ ነበሩ፤ ደንበኛውም የለመደውን ፎንት ይፈልጋል። በ2000ዎቹ አጋማሽ እንኳ «ይሄ አዲሱ ፊደል ቀጠነብኝ» እያሉ በድሮው የሚያስጽፉ ነበሩ።

በዚህ መሃል የመብራት ጣጣ አለ። በ2001 ክረምት ከተማው በፈረቃ ነበር፤ በ2011 ግንቦትም የግድቦች ውኃ ሲያንስ ፈረቃው ተመለሰ። መብራት የጠፋበትን ቀን ሥራ መብራት ባለበት ቀን ደርበን እንሠራለን፤ ለግል ጽሑፍ ጊዜ የሚጠፋውም ያኔ ነው። ዩፒኤሱ መጮህ ሲጀምር የደንበኛው ውል ሴቭ ይደረጋል፤ የራስ ነገር ከዚያ በኋላ ነው፣ ከደረሰ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ደግሞ ውጭ አገር ላለች እህቴ የምልክላት ጽሑፍ ደብተር ላይ ቆየ። ደብተር ላይ መጻፉን ያኔ መልሼ ያዝኩት፤ እስከ ዛሬም አልተውኩትም። ማታ ደብተር ላይ፣ ሲመች በዩኒኮድ፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ፕሪንት። አድካሚ ነው። ሌላ አስተማማኝ መንገድ ግን አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ የካዛንቺስ ሰው ነው። በ2017 መጀመሪያ የካዛንቺስ ነዋሪ ለልማት ሲነሳ ዕድሮቹ ተበታተኑ። አንድ ጋሼ፣ የዕድራቸው ጸሐፊ የነበሩ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ዲስኬትና ሲዲ ይዘው መጡ። የአባላት መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሞተ ሰው ስምና ቀን፣ የድንኳንና የወንበር ሒሳብ። «ልጄ፣ ሰፈሩ ፈርሷል፤ የነበርነው ሰዎች ስም እንኳ አይጥፋ» አሉኝ። የዲስኬት ማንበቢያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አገኘሁ። የተነበቡትን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ወደ ዩኒኮድ እገለብጣለሁ። መለወጫ ፕሮግራም አለ፤ ሥራውን ያቃልላል፤ ዲቃሎቹንና ነጥቦቹን ግን ያምታታል፤ የሰው ስም ላይ ደግሞ ስሕተት አይፈቀድም። ስለዚህ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ስሙን ከቃላቸው ያርማሉ፤ የማን አባት፣ የማን ባል እንደነበረም ይነግሩኛል፤ እሱንም በቅንፍ እጽፈዋለሁ።

እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በየዕድሩ፣ በየሰበካ ጉባኤው፣ በየቀበሌው የድሮ መዝገብ ቤት አለ። ፎንቶቹን በስማቸው የምናውቅ የ1990ዎቹ ጸሐፊዎች ደግሞ ጡረታ እየወጣን ነው። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ይህን ሥራ በባለሙያ ቢይዙት ጥሩ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ግን ዲስኬት ያለው ሰው ሁሉ ሽፋኑ ላይ የተጻፈበትን ፎንት ስም በእስክሪብቶ ይጻፍበት። የጋሼ ቆርቆሮ ውስጥ ስም የተጻፈባቸውን ጨርሻለሁ። ያልተጻፈባቸውን በየፎንቱ እየሞከርኩ ነው፤ 1994 ላይ ደርሰናል፤ ጋሼ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ።