ጭልፋው በማን እጅ ነው?

የአንድ ሕዝብ ታሪክ ሲነሣ ዓይናችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ጦር ሜዳና ወደ ቤተ መንግሥት ነው። ጓዳን የሚጠይቅ የለም። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከጓዳ የተነሣ ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

በአሜሪካ ከተሞች “የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል” የሚባል ቤት አለ። ምኩራብ አይደለም። መዋኛ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የስፖርት ቦታ፣ አዳራሽ ይኖረዋል፤ የሚጸልየውም የማይጸልየውም፣ አይሁድ ያልሆነው ጎረቤት ሳይቀር ይገባበታል። በበዓል ሰሞን ገበታ ይዘረጋል፤ ይበላል፣ ይዘፈናል፣ የአያት የቅድመ አያት አገር ይወሳል። የዚህ ቤት የዘር ሐረግ ሲቆጠር፣ በ1854 ባልቲሞር ላይ ወደተቋቋመው የዕብራውያን ወጣት ወንዶች ማኅበር ይወስደናል። “ወንዶች” የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ የታሪኬ ባለቤት ሴት ናቸውና።

ወይዘሮ ሊዚ ብላክ ካንደር በ1858 ሚልዋኪ ከተማ ተወለዱ። ቀድመው ከገቡትና ኑሯቸው ከተደላደለላቸው አይሁዶች ወገን ነበሩ። በ1881 የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ አሌክሳንደር ተገደሉና በአይሁዶች ላይ ዘረፋና ግድያ ሲነሣ ግን ሌላ የሰው ጎርፍ መጣ። አሜሪካ በ1924 በሯን እስክታጠብ ድረስ ከ2 ሚሊዮን በላይ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ገቡ። የኋላዋ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየርም በ1906 በልጅነታቸው የገቡት እዚያው ሚልዋኪ ነው።

መጤዎቹ ድሆች ናቸው፤ አለባበሳቸው ሌላ፣ ቋንቋቸው ይዲሽ። የቀደሟቸው ወገኖቻቸው አዘኑላቸውም፣ አፈሩባቸውም። እኛንም ያሰድቡናል የሚል ፍርሃት ነበረባቸው። ስለዚህ መጤው ቶሎ አሜሪካዊ ይሁንልን ተባለ። እንግሊዝኛ ይማር፣ ልብስ መስፋት ይልመድ፣ እንደ አሜሪካዊ ያብስል!

ለዚሁ ሥራ በ1900 በሚልዋኪ አንድ የስደተኞች መርጃ ቤት ተቋቋመ። ወይዘሮ ካንደር ልጃገረዶችን ወጥ ያስተምራሉ። ልጆቹ አሠራሩን ከሰሌዳ ላይ ሲገለብጡ ጊዜው ያልቅና ምድጃው ጋ ሳይደርሱ ይመሻል። ወይዘሮዋ ይህ ነገር ቢታተም ይሻላል ብለው የቤቱን ቦርድ 18 ዶላር ጠየቁ። የቦርዱ ወንዶች አይሆንም አሉ። ሴትየዋ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ከነጋዴዎች ማስታወቂያ ለቃቅመው በ1901 አንድ ሺህ ቅጂ አሳተሙ። “ሴትልመንት ኩክ ቡክ” የሚባለው መጽሐፍ ይኸው ነው። በየጊዜው እየታተመ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በሽያጩ መሬት ተገዝቶ በ1911 “አብርሃም ሊንከን ቤት” የተባለ አዲስ ማዕከል ቆመ፤ ቆይቶም ለከተማዋ የአይሁድ ማዕከል ያው የወጥ መጽሐፍ ገንዘብ አዋጣ። 18 ዶላር የነፈጉት ወንዶች በኋላ የተሰበሰቡበት ጣሪያ ከማጀት የወጣ ነበር ማለት ነው። በዕብራይስጥ የፊደል ቁጥር 18 “ሐይ” ተብሎ ይነበባል፤ የእኛው “ሕያው” ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን የመጽሐፉ ሆድ ነው። የፋሲካ ቂጣ ድብልብል አለበት፤ ከዚያው ጋር ኦሪት ክንፍና ቅርፊት ስለሌላቸው የከለከለቻቸው የባሕር ፍጥረታት አሠራርም አለበት። የመጤዋ እናት ይህን ብታይ ፊቷን ታዞር ነበር። ለምን ገባ ቢሉ፣ ወጡ የሚማሩት አሜሪካዊ ለመሆን ነዋ! ጭልፋውን የያዘው ቀድሞ የደረሰው ነበር፤ መጤው ሳህን ይዞ ነው የቆመው።

ነገሩ ተገለበጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 6 ሚሊዮን አይሁዶች ተጨፈጨፉ። ይዲሽ ይነገርባቸው የነበሩት የምሥራቅ አውሮፓ መንደሮች ሰው አልባ ሆኑ። ያኔ ያ የሚታፈርበት የድሃ ወጥ የሙት ኑዛዜ መሰለ። ቾለንት የሚባለውን ውሰዱ። በሰንበት እሳት መጫር ክልክል ስለሆነ ባቄላው፣ ገብሱና ሥጋው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጣድና እስከ ቅዳሜ ቀትር በለዘዘ እሳት ያድራል። አያቶች የሸሸጉትን ይህን ወጥ ዛሬ የልጅ ልጆች በማኅበረሰብ ማዕከል ተሰልፈው ይማሩታል።

ታሪኩ እኛም ደጅ ይመጣል። ቤተ እስራኤል፣ እነዚያ የጎንደር ወገኖቻችን፣ ሰንበትን ያጠበቁት ከዚህም በላይ ነበር። ዓርብ የተለኮሰ እሳት እንኳ አያቆዩም፤ ቅዳሜ የሚበላው ቀዝቃዛ ነው። የሰንበቱ ዳቦ ቀድሞ ይጋገራል፤ ቄሱ ይባርኩታል፤ በጋራ ይቆረሳል። ለስግድ በዓልም ጾመው ተራራ ይወጣሉ፣ ኦሪት ይነበባል፣ ይሰገዳል፤ ሲወርዱ ማዕዱ ይቀርባል።

ይህን ይዘው እስራኤል ሲገቡ ግን ሌላ ጠበቃቸው። ታላቁ ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን በ1973 መስክረው፣ መንግሥትም በ1975 ተቀብሎ ሳለ፣ በሙሴ ዘመቻ በ1984 እና በ1985 የገቡትን የሃይማኖት ባለ ሥልጣናቱ ለማረጋገጫ ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ ውጡ አሏቸው። በ1985 አንድ ወር ያህል በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አቤት አሉ። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ተጓጓዙ፤ ብዙዎቹ ሆቴል ውስጥ ሰፍረው በተመደበላቸው ሰዓት የተመደበላቸውን በሉ። በ1996 ደግሞ የደም ባንኩ ከኢትዮጵያውያን የተለገሰውን ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ጋዜጣ አጋለጠ። በኢየሩሳሌም በሺህ የሚቆጠሩት አደባባይ ወጡ። እንግዲህ ዳቦው ተቆርሶ ይበላል፣ ደሙ ይደፋል። ይህን ምን ትሉታላችሁ?

ስግድ በ2008 በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆነ። ዛሬ እስራኤልም ውስጥ፣ አሜሪካም ውስጥ ባሉ አንዳንድ የማኅበረሰብ ማዕከላት በስግድ ሰሞን እንጀራ ይቀርባል፣ እስክስታ ይመታል። ደስ ይላል። እኔ ግን ጥያቄ አለኝ፦ ዳቦውን የጋገረችው እናት ወደ መድረኩ ወጥታ ስለ 1985 እና ስለ 1996 እንድትናገር ትጋበዛለች? ወይስ የእሷ ድርሻ ከማጀት አያልፍም? ቀምሶ ማመስገን ቀላል ነው፤ ሰምቶ መቀበል ነው የሚከብደው። ገበታ ባዕዱን ቤተኛ የሚያደርገው፣ ባዕዱ ራሱ ጭልፋ ሲጨብጥ ነው።

ለሰው አገር ብቻ አይደለም የምለው። እኛም በየበዓሉ የአንዱን ቆጮ፣ የሌላውን ጭኮ ቀምሰን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ “ባህላችሁ ደስ ሲል!” ብለን እንበተናለን። አብሳዩ ግን እጁን ታጥቦ ከጎናችን ሲቀመጥና በደሉን ሊያጫውተን አፉን ሲከፍት፣ ስንቶቻችን ነን ሰዓታችንን የማናይ?