የደገኛ ልብ

2,600 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው በመካነ ሰላም ገበያው ሲበተን አንዲት እናት ባዶ ስልቻዋን አህያዋ ላይ ጥላ ዳገቱን ትያያዘዋለች። ከኋላዋ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቁና ቁና ይተነፍሳል። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ትለምደዋለህ» ትለዋለች። መልመዱን ይለምደዋል፤ እሷ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰችው አለ።

ይህን ሊያጣሩ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ ስሜን ተራራ ወጡ። አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ፣ የ236 ሰው ደም ተለካ። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ብዙውን አስገረመ። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች አየሩ ሲሳሳ የደገኛው ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ ደሙም ይወፍራል፤ ሲበዛ ልብን ያደክማል። የአምባራሶቹ ግን የቆላ ሰው ያህል ነበር፦ በዴሲሊትር ደም የወንዶቹ በአማካይ 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15።

ቀጥሎ የዘረመል ሰዎች ገቡበት። ከኢትዮጵያ ደገኞች ደም ያገኙትን ኢዲኤንአርቢ የተባለ ዘረመል በአይጦች ሞከሩት። በ2015 እንደታተመው፣ ከሁለቱ ቅጂ አንዱ የጎደላቸው አይጦች ኦክስጅኑ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ ልባቸው ከሌሎቹ የተሻለ ሠራ።

«እንግዲያ እኛን ሀርት አታክ አይነካንም በላ!» ይለኛል አንዱ።

ቀስ በል ወንድሜ! ስስ አየር መቻል ሌላ፣ ቧንቧ መደፈን ሌላ። ሀርት አታክ የሚመጣው የልብን የደም ቧንቧ ስብ አጥብቦት፣ በላዩ ደም ሲረጋበት ነው። እዚያ ላይ ዘር የሚለውን ለመስማት አሜሪካ፣ ዳላስ መሄድ ነው። በ2006 የዚያው ተመራማሪዎች ጆናታን ኮኸንና ሔለን ሆብስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት፣ ከ3,363 ጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶዎቹ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ዘረመላቸው የተሰናከለ ነው። ስንክልናው በጃቸው! መጥፎው ኮሌስትሮል በ28 በመቶ አነሰላቸው፣ የልብ ቧንቧ በሽታም በ88 በመቶ። ያንኑ የሚያስመስል መርፌ በ2015 ገበያ ገባ።

ይህን ወስዶ ለመካነ ሰላም ሰው ማልበስ ግን አይሆንም። የጥቁር አሜሪካውያን ሐረግ በብዛት ከምዕራብ አፍሪካ ነው። በ2007 የተገኘው የ9ኛው ክሮሞሶም የሀርት አታክ ምልክትም የተለየው በአውሮፓውያን ደም ነው፤ አፍሪካውያን ላይ ያን ያህል አይሠራም። በሰው ቁና ተሰፍሮ የራስ ጎተራ አይታወቅም።

ስለዚህ ሐኪሙ ዛሬም ዘርህን የሚመረምረው በጥያቄ ነው።

«አባትህ በምን ሞቱ?»

«መጋኛ መታቸው። ከእርሻ ሲመለሱ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ።»

«ዕድሜያቸውስ?»

«ሃምሳም አልሞላቸው።»

ሐኪሙ ይጽፋል፤ ወንድ ከ55፣ ሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ከተቀጨ የልጁም የወንድሙም ስጋት ይጨምራልና። ከዚያ የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ይጠመጥምለታል።