ስምን በሕግ ስለ መለወጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ሰው በገዛ ስሙ ላይ ሥልጣን የሌለው ያስመስላል። ታሪካችንን ስንመረምር ግን ስም ከማዕርግና ከኑሮ ጋር ሲለወጥ እናገኘዋለን። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ. ም. በደረስጌ ማርያም ቅብዐ መንግሥት በተቀበሉ ጊዜ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ንጉሥ ተፈሪ መኰንንም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ. ም. ዘውድ ሲጭኑ በክርስትና ስማቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። መነኵሴው ሲመነኵስ አዲስ ስም ሲቀበል፥ ጦረኛውም በፈረሱ ስም ሲጠራ፥ ምስክሩ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ነበረ እንጂ የተጻፈ መዝገብ አልነበረም።

ደመወዝና ጡረታ፥ ርስትና የትምህርት ምስክር ወረቀት በጽሑፍ መመራት ከጀመሩ ወዲህ ግን የሕዝብ አፍ ብቻውን በቂ ምስክር መሆኑ ቀረ። ስሙ ለመምህሩ ወይም ለጸሓፊው አፍ ስላልተመቸ ብቻ በሌላ ስም የተመዘገበ ሕፃን፥ ጐልምሶ የአባቱን ውርስ በጠየቀ ጊዜ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ነገር ሥርዓት ያበጀለት፥ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁትና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ እንደ አውሮፓ ልማድ የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖር ቢደነግግም፥ ሕዝቡ በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ስምን ለመለወጥ በቂ ምክንያትና የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለው ድንጋጌ ግን በሥራ ላይ ዋለ።

ብዙ ሰው የፍርድ ቤት በር ያለ ጠበቃ አይከፈትም ብሎ ያምናል። በመዝገብ ቤት ሥራችን የምናውቃቸው አንድ ሽማግሌም ለጠበቃ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው የልደት ስማቸውን ሳይጠይቁ ብዙ ዓመት አሳለፉ። ይሁን እንጂ በ1958 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ እንዲናገር ይፈቅዳል። የሚያስፈልገው የቀድሞውን ስም፥ የሚፈለገውን ስምና ምክንያቱን በአቤቱታ ገልጦ፥ እውነት መሆኑን አረጋግጦ፥ ሰነድና ምስክር ማቅረብ ነው። ሽማግሌው ይህን በተረዱ ጊዜ አቤቱታቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው አቀረቡ፤ ተፈቀደላቸውም። የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው በመጡ ዕለት፥ አባታቸው ባወጡላቸው ስም ስንጠራቸው «አቤት» ለማለት ጥቂት ዘገዩ።

ስምን ባለቤቱ ቢሸከመውም የሚጠራው ሌላው ነውና፥ ዳኛው ምክንያት መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ዕዳና ግዴታም ከአሮጌው ስም ጋር አይቀበሩም። ነገር ግን ሕጉ የከፈተለትን በር ድኻው ሳያውቀው ቢቀር፥ ጥፋቱ የሕጉ ሳይሆን የማስረዳት ግዴታ ያለብን የእኛ ነው።