ገላዋ አይነካም

እ.ኤ.አ. በ2002 ለንደን ውስጥ ልጃችን በእናቷ ማኅፀን ሳለች አረፈች። ሐኪሞቹ አስከሬኗን ቀደው ለመመርመር ፈቃዳችንን ሲጠይቁ «ገላዋ አይነካም» ብለን እምቢ አልን፤ የሞቷን ምክንያት ሳናውቅ ቀበርናት።

ለብዙ ዓመታት እምቢታችንን የሐበሻ ኋላቀርነት አድርጌ ስቆጥረው ኖርኩ። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1999 የሊቨርፑሉ አልደር ሄይ ሆስፒታል የሞቱ ሕፃናትን የውስጥ አካላት ወላጆች ሳያውቁ ማከማቸቱ ተጋለጠ። የ2004ቱ የእንግሊዝ ሕግ ያለ ፈቃድ እንዲህ ማድረግን ወንጀል አደረገው። እንግሊዛውያን ወላጆችም እንደ እኛው «አይነካም» ማለት አበዙ፤ ተመራማሪዎችም ሌላ መንገድ ለመፈለግ ተገደዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ኤም.አር.አይ ከደምና ከእንግዴ ልጅ ምርመራ ጋር ተዳምሮ፣ ከ400 ፅንሶችና ልጆች በ357ቱ ላይ በቢላዋ ከተገኘው ጋር የተስማማ ውጤት መስጠቱን አሳየ።

ወገኖቼ፣ እምቢታ ሁሉ ድንቁርና አይደለም፤ ሳይንስንም መንገድ ያስለውጣል። ይህ ሐዘን የሚደርስባችሁ ግን እንደ እኔ በእምቢታ ብቻ አትመለሱ። «ሳይቀደድ በምስል ሊታይልን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ መጠየቅ እንደሚቻል አላወቅንም ነበር።