ጎረቤት በግምት መዝገብ

ከጎንደር ተነሥቶ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ የደረሰ መሐንዲስ አስቀድሞ ዐይኑን የሚጥለው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደል ላይ በጠረቡት በሊማሊሞ መንገድ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን በዚያው ከተማ የተፈጸመ፣ ለሙያችን ይበልጥ የሚከብድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የግጭ ነዋሪዎች ሠፈራ።

ግጭ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የስሜን አምባ ላይ የነበረ፣ ገብስ በማረስና ከብት በማርባት የሚተዳደሩ ሙስሊሞች መንደር ነበር። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲቋቋም መንደሩ በወሰኑ ውስጥ ቀረ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ። ሰውና ከብት ለዋልያው ጠንቅ ናቸው የሚለው ክርክር ለብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። በተከታዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተፋቀ።

በዚያን ጊዜ የጸናው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የሚያስገምተው ቤቱን፣ አጥሩን፣ ዛፉንና ሰብሉን፣ እንዲሁም የሚቋረጠውን ገቢ ነበር። ገብሱን በደቦ የሚያጭድለት፣ ሬሳውን የሚሸከምለት፣ ማለዳ ለቡና የሚጠራው ሰው ግን በየትኛውም ዐምድ አልተጻፈም። ይህን ስንል ገማቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም የቦታ ሽንሸና ስንነድፍ ማን ከማን አጠገብ ይኖር እንደ ነበር የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

ጉዳዩ የስሜት ብቻ አለመሆኑን የአንጎል ጥናት ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በቡካሬስት በተጀመረ ጥናት፣ በሕፃናት ማሳደጊያ ከነበሩ 136 ሕፃናት እኩሌቶቹ በዕጣ ተለይተው ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። 8 ዓመት ሲሆናቸው የአንጎላቸው የኤሌክትሪክ ሞገድ ተለካ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ሕፃናት ሞገድ በወላጆቻቸው ቤት ካደጉት ጋር ተቀራረበ፤ በማሳደጊያው የቆዩት ግን ደከም ያለ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የጎደላቸው ዘወትር ተመልሶ የሚመጣ አንድ የታወቀ ፊት ነው።

ይህ የሕፃንነት ነገር ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ጄምስ ኮአን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተመውን ሙከራ ይመልከት። የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል የተነገራቸው 16 ባለትዳር ሴቶች የባላቸውን እጅ በያዙ ጊዜ፣ አደጋን የሚጠባበቁት የአንጎላቸው ክፍሎች ሥራ ቀነሰ። የማያውቁትን ሰው እጅ ሲይዙም ቀንሷል፤ ነገር ግን ያን ያህል አይደለም። ትዳራቸው የሠመረላቸው ደግሞ ይበልጥ ተረጋጉ። በእኛ ቋንቋ፣ ሸክሙ በሁለት ምሰሶ ላይ ተከፈለ ማለት ነው። ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተወው የአገራችን ለቅሶ ደራሽ ይህን ያለ መሣሪያ ያውቀው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከንብረት ካሳ ሌላ፣ ስለ ማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ስለ ሥነ ልቡና ጉዳት ለተነሺው የሚከፈል ካሳ ጨመረ። ጎረቤትም በግምት መዝገብ ላይ ስፍራ አገኘ። የሚሰጠው ግን ገንዘብ ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤቱ አጠገብ ማስፈር የሚቻለው በነዳፊው ጠረጴዛ ላይ ነው። የግጭ ሰዎች ከአምባው የወረዱት ከዚህ አዋጅ 3 ዓመት አስቀድሞ ነበር።