በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይ ከረንትን በክላምፕ ሜትር በጥንቃቄ ስለ መለካት

ክላምፕ ሜትር መንጋጋው በአንድ ሽቦ ዙሪያ ተገጥሞ፣ ሽቦው ሳይቆረጥና ኃይል ሳይቋረጥ፣ የሚያልፈውን ከረንት በመግነጢሳዊ መስኩ አማካይነት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሽቦውን ሳይነካ የሚለካ በመሆኑ ለማንኛውም መስመር ያገለግላል ብለው የሚያስቡ አሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። በእጅ የሚያዘው ክላምፕ ሜትር የሚሠራው ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲሆን፣ በአካሉ ላይ ከ«ካት» ምድቡ ጋር የተጻፈው 600 ወይም 1000 ቮልት የመጨረሻ ወሰኑ ነው። የማከፋፈያ መስመሮች ግን በአብዛኛው 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ይሸከማሉ።

በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ሌላም ጉዳይ አለ። የመሣሪያው ወሰን ብዙውን ጊዜ የሚጸናው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2000 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል፤ አይ ኢ ሲ 61010 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ከ2000 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ የአየር ክፍተት በ1.14 እጥፍ እንዲሰፋ ያዝዛል። የጎንደር ከተማ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም እጅግ ትበልጣለች። ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕር እየተመላለሰ የሚሠራ ባለሙያ የመሣሪያውን ብቃት የሚመዝነው በከፍተኛው ቦታ ነው። የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደውን ከፍታ ስለሚገልጽ ከግዢ በፊት ሊነበብ ይገባል።

ደግነቱ፣ የጭነቱን መጠን ለማወቅ ወደ ከፍተኛው ቮልቴጅ መቅረብ እምብዛም አያስፈልግም። ለምሳሌ የአንድ ወፍጮ ቤት 200 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር 15 ኪሎ ቮልትን ወደ 400 ቮልት የሚቀንስ ከሆነ፣ በሙሉ ጭነት በዝቅተኛው በኩል በእያንዳንዱ ፌዝ ወደ 289 አምፒር ያልፋል። ይህ በ400 ተባዝቶ ለ15,000 ሲካፈል በከፍተኛው በኩል ያለው 7.7 አምፒር ይገኛል። መንጋጋው አንድ ሽቦ ብቻ መክበብ አለበት፤ ሦስቱን ፌዞች በአንድነት ከከበበ ንባቡ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ኃይል የለም ማለት ግን አይደለም። ይህም ሥራ ቢሆን የባለሙያ ነው።

በከፍተኛው በኩል መለካት ግዴታ ሲሆን ሥራው የሚከናወነው ለመስመሩ ቮልቴጅ በተመረተና በኢንሱሌሽን ዘንግ ጫፍ ላይ በሚገጠም መለኪያ፣ ተመጣጣኝ ደረጃ ባለው የጎማ ጓንት፣ ቢያንስ በሁለት ሠራተኞች ነው። በዝናብና በሊማሊሞ ጉም ጊዜ እርጥበት ዘንጉን አደገኛ ስለሚያደርገው ሥራው ይቆማል። ከረንት ትራንስፎርመር በተገጠመበት ቦታ ደግሞ ክላምፕ ሜትሩ በሁለተኛው ወገን ሽቦ ላይ ሊገባ ይችላል፤ በ100/5 ሬሾ 3.2 አምፒር ቢነበብ የመስመሩ ከረንት 64 አምፒር ነው። መስመሩ ኃይል እያለው ይህን ሁለተኛ ወገን መክፈት ገዳይ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር ክልክል ነው።

በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ ይከናወናል። የትራንስፎርመር ጭነት እንዲለካ ወይም የኃይል መዋዠቅ እንዲጣራ የሚፈልግ ደንበኛ የውል ቁጥሩን ይዞ በአቅራቢያው ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ማመልከት፣ ወይም በ905 መደወል ይችላል።