ከአንቀጽ 17 በፊት

«የአድዋ ጦርነት መንስኤ ምንድን ነው?» ሲባል ብዙ ተማሪ «የውጫሌ ውል አንቀጽ 17» ብሎ ያልፋል። እርግጥ በአማርኛው ፈቃድ የነበረው ነገር በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኗል። ግን እስቲ ዓመቶቹን ደርድሯቸው። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም. ነው። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጦሯን የመቱት በ1879፣ ውሉ የተፈረመው በ1881፣ አድዋ ደግሞ በ1888። ጠቡ ከውሉ ይቀድማል ማለት ነው።

እኛ ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች ችግር ስንፈልግ አንዱን መስመር አውጥተን ችግሩ ይቀር እንደሆነ እናያለን። አንቀጹን አውጡት፤ ጣሊያን ምጽዋ ላይ እንዳለች ናት። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላም ልታርመው አልፈለገችም። ስለዚህ አንቀጹ ጠቡን አከረረው እንጂ አልወለደውም። ይህን ሳንለይ ከመለስን የቅኝ ግዛት ፍላጎትን የአስተርጓሚ ስህተት እናደርገዋለን።